ቁልፉ ከነሽፋኑ

አምስት ሰረዝ፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት «የግል ቁልፍ ይጀምራል» የሚል የእንግሊዝኛ መግለጫ፣ ከዚያ እንደገና አምስት ሰረዝ። ከሥሩ በየመስመሩ 64 የተዘበራረቁ ፊደላትና አኃዞች ይደረደራሉ። ድረ ገጽ የሚያስተዳድር፣ መተግበሪያ ከባንክ ሥርዓት ጋር የሚያገናኝ ወይም በዲጂታል ፊርማ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ፋይል ያውቀዋል። አብዛኛው ግን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይገለብጠዋል እንጂ ውስጡን አይቶት አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በመልኩ ነው። ዝብርቅርቁን ሲያይ «ይህማ የተመሰጠረ ነው» ይልና በኢሜይልም በቴሌግራምም ለመላክ አይሰቀቅም። አልተመሰጠረም። የይለፍ ቃል ካልተደረገበት በቀር የትኛውም ኮምፒውተር በቅጽበት ገልጦ የሚያነበው ነገር ነው። ምስጢር መፍታትና አጻጻፍ መፍታት ለየቅል ናቸው፤ ለመጀመሪያው ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ለሁለተኛው ግን ደንቡን ማወቅ ይበቃል። እዚህ የምንተዋወቀው ሁለተኛውን ሥራና ይህንኑ ሥራ ለፕሮግራመሮች የሚሠራላቸውን ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ነው።

የቁልፍ ፋይል አሠራሩ ከክታብ ጋር ይመሳሰላል። ከላይ የተሰፋ ቆዳ አለ፣ በውስጡ የተጠቀለለ ብራና፣ በብራናው ላይ ደግሞ ጽሑፉ። ቆዳውን ብቻ ያየ ሰው በብራናው ላይ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ ሁለት ክታብ በአንድ ዓይነት ቆዳ ተሰፍቶ ውስጡ ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። የቁልፍ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ከላይኛው ሽፋን እንጀምር። ፔም ይባላል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ግላዊነቱ የተጠበቀ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ» ከሚለው ሐረግ የተወሰደ ምህጻረ ቃል ነው። በ1993 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኢንተርኔት ደንብ ቁጥር 1421 ሆኖ የወጣው ይህ ዕቅድ ኢሜይልን ለማመስጠር የታሰበ ነበር። ዕቅዱ አልተሳካም፤ ዛሬ በዚያ መንገድ ደብዳቤ የሚልክ የለም። የአጻጻፍ ስልቱ ግን ከባለቤቱ ተርፎ የቁልፍና የሰርተፍኬት ልብስ ሆኖ ቀረ። በ2015 ደግሞ ደንብ ቁጥር 7468 በልማድ ሲሠራበት የኖረውን ሰብስቦ በወጉ ጻፈው። ከሥራው በኋላ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሕጉ ሲጻፍ በኮምፒውተሩ ዓለም አዲስ አይደለም።

ፔም የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። የዚያን ዘመን የኢሜይል ሥርዓቶች ከተራ ፊደልና አኃዝ ውጭ ያለውን ባይት ያበላሹት ስለነበር፣ ቤዝ 64 በተባለው ዘዴ ሦስት ባይት ወደ አራት ፊደል ይቀየራል። ጽሑፉ በሲሶ ያድጋል፤ በምላሹ ከየትም ወደ የትም ሳይሰበር ይጓዛል። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያመለክታሉ፣ በመካከላቸው ያለው መለያ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል። አንዱ «የግል ቁልፍ» ብቻ ይላል፣ ሌላው «የአርኤስኤ የግል ቁልፍ»፣ ሌላው «የተመሰጠረ የግል ቁልፍ»፣ ሌላው «ይፋዊ ቁልፍ»። ለዓይን ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ያለው አደረጃጀት ግን ይለያያል።

ቤዝ 64ን ስንገልጠው የሚወጣው ዴር የተባለው ሁለተኛው ሽፋን ነው። ሥሩ ወደ 1984 ይመለሳል፤ የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ማሽኖቻቸው እንዲግባቡ ኤኤስኤን.1 የተባለ የመረጃ መግለጫ ቋንቋ ያበጁበት ጊዜ ነው። የዴር ደንብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ መጀመሪያ የነገሩ ዓይነት፣ ቀጥሎ ርዝመቱ፣ ከዚያ ነገሩ ራሱ። ዓይነቱ 02 ከሆነ ሙሉ ቁጥር ነው፤ 30 ከሆነ በውስጡ ሌሎች ነገሮችን የያዘ ተከታታይ ነው፤ 04 ከሆነ ዝም ብሎ የባይት ጥቅል ነው፤ 06 ከሆነ የመለያ ቁጥር ነው። የባይቶቹ አኃዞች እዚህና ከዚህ በታች በሄክሳዴሲማል የተጻፉ ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንይ። አርኤስኤ የተባለው ዓይነት ቁልፎች ሁሉ ማለት ይቻላል 65537 የተባለውን ቁጥር ይዘዋል። በዴር ሲጻፍ 02 03 01 00 01 ይሆናል፦ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ርዝመቱ ሦስት ባይት ነው፣ ባይቶቹም እነዚህ ናቸው። ርዝመቱ ከ127 ባይት ካለፈ ግን አንድ ባይት አይበቃውም። ያኔ ለምሳሌ 82 ብሎ «ርዝመቱ በሚቀጥሉት ሁለት ባይቶች ተጽፏል» ይላል። የ2048 ቢት አርኤስኤ የግል ቁልፍ ከአንድ ሺህ ባይት በላይ ስለሆነ ሁልጊዜ በ30 82 ይጀምራል፤ ይህ በቤዝ 64 ሲጻፍ ኤም፣ አይ፣ አይ የተባሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይሰጣል። ብዙ የቁልፍና የሰርተፍኬት ፋይሎች በእነዚህ ፊደላት የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ኢዲ25519 የተባለው አዲሱ ዓይነት ግን የግል ቁልፉ ጠቅላላ 48 ባይት ብቻ ስለሆነ በኤም፣ ሲ፣ 4 ይጀምራል፤ ሙሉ ቁልፉም በአንድ የ64 ፊደል መስመር ያልቃል። ዓይኑን ያለማመደ ሰው ፋይሉን ሳይፈታ ዓይነቱን በግምት የሚለየው በዚህ ነው።

በሙሉ ቁጥር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዴር አሉታዊ ቁጥርንም ስለሚጽፍ የመጀመሪያው ቢት 1 ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ተደርጎ ይነበባል። ስለዚህ አዎንታዊ የሆነ ትልቅ ቁጥር በዚያ ቢት ሲጀምር ከፊቱ 00 ይታከልለታል። 256 ባይት መሆን ያለበት ቁጥር በፋይሉ ውስጥ 257 ሆኖ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ነው። ዴርን በራሱ እጅ ለማንበብ ኮድ የጻፈ ፕሮግራመር ከማይቀሩት ስህተቶች አንዱን የሚሠራው እዚህ ነው፤ አንዳንዱ ቁልፍ ይሠራለታል፣ አንዳንዱ እምቢ ይለዋል፣ ለምን እንደሆነም አይገባውም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ደረስን። ሮን ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌን አድልማን በ1977 በኤምአይቲ ያገኙት አርኤስኤ፣ የግል ቁልፉ ሲጻፍ የዘጠኝ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። መጀመሪያ የቅርጹ ቁጥር ዜሮ፣ ከዚያ ለሁሉም የሚሰጠው ትልቅ ቁጥር፣ ከዚያ 65537፣ ከዚያ ምስጢሩ፣ ከዚያ ፕራይም የሆኑት ሁለት ቁጥሮች፣ በመጨረሻም ለፈጣን ስሌት የሚረዱ ሦስት ቁጥሮች። ይህ አደረጃጀት ፒኬሲኤስ 1 ይባላል። በቂ ይመስላል፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት። «አርኤስኤ ነኝ» አይልም። ዘጠኝ ቁጥር ተደርድሮ ያገኘ ፕሮግራም አርኤስኤ መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው ከላይኛው የፔም መለያ ወይም በግምት ነው።

ለዚህ የመጣው መድኃኒት ፒኬሲኤስ 8 ነው። የቁልፉን ቁጥሮች በ04 ጥቅል ውስጥ አስገብቶ ከፊታቸው የዓይነቱን መለያ ይጽፋል። የአርኤስኤ መለያ 1.2.840.113549.1.1.1 ነው፤ 840 የአሜሪካ የአገር ቁጥር ሲሆን 113549 ደግሞ የአርኤስኤ ኩባንያ የተመዘገበበት ነው። የኢዲ25519 መለያ አጭር ነው፣ 1.3.101.112። እንግዲህ አንድ የአርኤስኤ ቁልፍ በፔም ውስጥ ዴር፣ በዴሩ ውስጥ ፒኬሲኤስ 8፣ በፒኬሲኤስ 8 ጥቅል ውስጥ ሌላ ዴር፣ በዚያ ውስጥ ፒኬሲኤስ 1 ሆኖ ይገኛል። የይለፍ ቃል ከታከለበት አንድ ሽፋን ይጨመራል።

ስለ ይለፍ ቃሉ ሁለት መንገድ አለ፤ አሮጌውን የሚጠቀም ሰው ዛሬም አላለቀም። አሮጌው መንገድ ምስጠራውን በፔም ደረጃ ያደርገዋል፤ የይለፍ ቃሉን ወደ ቁልፍ የሚቀይረው ኤምዲ5 በተባለው የሐሽ ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፎ ነው። ቃል እየገመተ ለሚሞክር ሰው ይህ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ነው። አዲሱ በፒኬሲኤስ 8 ደረጃ የሚደረገው ነው፤ ኦፕንኤስኤስኤል የተለየ ነገር ካልተነገረው ስሌቱን 2,048 ጊዜ ይደጋግመዋል። ለዛሬ ኮምፒውተር ይህም ጥቂት ነው፤ ከአንዱ ግን ይሻላል።

ኦፕንኤስኤስኤል የተወለደው ከሌላ ላይብረሪ ነው። ኤሪክ ያንግና ቲም ሃድሰን በአውስትራሊያ ይሠሩት የነበረው ኤስኤስኤሊይ የተባለ ሥራ ሲቆም፣ ሌሎች ተረክበውት በታኅሣሥ 1998 ኦፕንኤስኤስኤል ብለው አወጡት። ቁልፍ የማንበቡ አሠራር ለሃያ ዓመታት ከዚያው ከወላጁ የወረሰው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ፈንክሽን። ለአርኤስኤ በዴር አንድ፣ ለፒኬሲኤስ 8 በዴር ሌላ፣ ለሁሉም በፔም ሌላ። ፕሮግራመሩ በእጁ ያለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ካላወቀ አንዱን ይሞክራል፣ ካልሆነ ሌላውን፣ ካልሆነ ሦስተኛውን።

ከእነዚህ ፈንክሽኖች መካከል ዴርን የሚያነቡት ስማቸው በዲ2አይ ይጀምራል፣ ከዴር ወደ ውስጣዊ ቅርጽ ማለት ነው። አንድ ጠባይ አላቸው፤ የሰጠሃቸውን ፖይንተር ወደፊት ይገፉታል። አንብበው ሲጨርሱ ፖይንተሩ የተነበበው ካለቀበት ቦታ ላይ ቆሞ ይገኛል። ተከታትለው የተጻፉ ነገሮችን ለማንበብ ይህ ይመቻል። ሜሞሪውን የያዘውን ፖይንተር ራሱን ሰጥቶ ኋላ ሊለቀው ለሚሞክር ሰው ግን መዘዝ ነው፤ ፖይንተሩ ከመነሻው ተንቀሳቅሷልና የሚለቀው ሜሞሪ የእርሱ አይደለም፣ ፕሮግራሙም ይወድቃል። መፍትሔው ግልባጭ ፖይንተር መስጠት ነው። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የሲ ፕሮግራመር ግን መመሪያ የሚያነበው ፕሮግራሙ ከወደቀ በኋላ ነው።

በመስከረም 2021 የወጣው ስሪት 3.0 አሠራሩን ገለበጠው። አዲሱ ክፍል ዲኮደር ይባላል። እዚህ ፕሮግራመሩ «ይህን ፋይል በዚህ ፈንክሽን አንብብ» አይልም፤ «በመጨረሻ ቁልፍ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ» ይላል። ላይብረሪው ከመድረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ያስባል፦ ቁልፍ የሚያወጡት የትኞቹ ፈቺዎች ናቸው? እነርሱ ምን ይበላሉ? ዴር። ዴር የሚያወጣውስ? ፔምን የሚፈታው። እንዲህ እያለ የፈቺዎች ሰንሰለት ይሠራል፤ ከዚያ ባይቶቹን ከላይ ያስገባል። እያንዳንዱ ፈቺ ትንሽና ጠባብ ሥራ አለው፤ ፔምን ወደ ዴር፣ የተመሰጠረውን ወደ ያልተመሰጠረ፣ ፒኬሲኤስ 8ን ወደ አርኤስኤ ወይም ወደ ሌላ። የሚመጣለትን ዓይቶ «የእኔ አይደለም» ካለ ቀጣዩ ይሞከራል።

በኮድ ደረጃ ሥራው አራት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ለሚፈለገው ቁልፍ የዲኮደር ኮንቴክስት ይፈጠራል፤ ሲፈጠርም ፍንጭ መስጠት ይቻላል፦ ግብአቱ ፔም ነው ወይስ ዴር፣ አደረጃጀቱ ፒኬሲኤስ 8 ነው ወይስ የዓይነቱ የራሱ፣ ቁልፉ አርኤስኤ ነው ወይስ ሌላ፣ የሚፈለገው የግሉ ነው ወይስ ይፋዊው። የማይታወቀው ባዶ ይተዋል። ቀጥሎ የይለፍ ቃል ካለ ይሰጣል። ሦስተኛው ከፋይል፣ ባዮ ከተባለው የላይብረሪው የግብአት ማስተላለፊያ ወይም ከሜሞሪ ማንበብ ነው፤ ከሜሞሪ ሲነበብ ፖይንተሩ ዛሬም ወደፊት ይሄዳል፣ የወላጁ ጠባይ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ኮንቴክስቱን መልቀቅ።

ፍንጮቹን ሁሉ ባዶ መተው ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ይተዋል። እኔ አልመክርም። አንደኛ ላይብረሪው ያሉትን ፈቺዎች ሁሉ መሰብሰብና መሞከር ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ በሰከንድ ብዙ ቁልፍ የሚያነብ ሰርቨር ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ከውጭ የመጣ ፋይል ምን እንደሆነ ራሱ እንዲነግርህ መፍቀድ፣ የበሩን ዘበኛ ሥራ ለእንግዳው መስጠት ነው። የኢዲ25519 ይፋዊ ቁልፍ የሚጠብቅ ፕሮግራም የሚጠብቀውን መናገር አለበት፤ ሌላ ነገር ከመጣ እንዲከለከል።

ዲኮደሩ አንድ አስቀያሚ ጠባይ አለው፤ ሲያቅተው ምን እንዳቃተው በደንብ አይናገርም። እያንዳንዱ ፈቺ «የእኔ አይደለም» ማለቱ ስህተት ስላልሆነ አይመዘገብም፤ ሁሉም እምቢ ካሉ በኋላ የሚቀረው «አይደገፍም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ የሆነው ኖድ.ጄኤስ በጥቅምት 2021 በስሪት 17 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ሲሸጋገር ብዙ ፕሮግራመሮች ከዚህ መልእክት ጋር ተዋወቁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የምስጠራው አይደለም፤ ቁልፉ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ ሲለጠፍ የመስመር መቀየሪያዎቹ የኋላ ጭረትና የኤን ፊደል ሆነው በመቅረታቸው የፔም ፈቺው መጀመሪያውንና መጨረሻውን መለየት ስላቃተው ነው። ፈቺው የሚያየው አንድ ረጅም መስመር ነው።

ሌላው የሚያስገርም ነገር የፊፕስ ጉዳይ ነው። በ3.0 ሥልተ ቀመሮቹ ፕሮቫይደር በተባሉ ክፍሎች ተከፋፍለዋል፤ የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ያለፈው ፊፕስ የተባለው ነው። ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ፊፕስን ብቻ ጭኖ ሌላውን ይዘጋል። ከዚያ የትኛውም ቁልፍ አይነበብም፤ ምክንያቱም ፈቺዎቹ በፊፕስ ውስጥ የሉም። ቤዝ የተባለው ትንሽ ፕሮቫይደር አብሮ መጫን አለበት። ሊቁ ቢኖርም መጽሐፉን የሚገልጥለት የለም።

ኦፕንኤስኤስኤል የማያነበው ፔም መሰል ፋይልም አለ። በርቀት ወዳለ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች በ2014 የራሱን የግል ቁልፍ ፎርማት አወጣ፣ ከ2018 ጀምሮም ነባሪው አደረገው። ሰረዝ አለው፣ ቤዝ 64 አለው፤ ውስጡ ግን ዴር አይደለም። በመልኩ ተታሎ ለዲኮደሩ የሰጠ ሰው ያንኑ «አይደገፍም» ያገኛል።

አደጋውስ? ብዙ ጊዜ ስለ ምስጠራ ስናወራ ሒሳቡ ይሰበር ይሆን እያልን እንሰጋለን። በተግባር የሚሰበረው አንባቢው ነው። የጉግሉ ታቪስ ኦርማንዲ ያገኘው፣ በመጋቢት 2022 ይፋ የሆነው ስህተት ጥሩ ምሳሌ ነው። የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ ኩርባውን በስም ከመጥቀስ ይልቅ ቁጥሮቹን ዘርዝሮ መጻፍ ይችላል። ሆን ተብሎ የተበላሹ ቁጥሮች ሲገቡ ስኩዌር ሩት የሚፈልገው ኮድ መውጫ በሌለው ዙሪት ውስጥ ይገባ ነበር። ሰርተፍኬት ወይም የግል ቁልፍ ፋይል ማንበብ ብቻውን ሰርቨሩን አንቆ ለመያዝ ይበቃ ነበር፤ ፊርማው ትክክል መሆኑ ከመጣራቱ በፊት። በየካቲት 2023 የተስተካከለው ደግሞ ከዚህ ይቀላል፣ ስለዚህም የበለጠ ያስተዛዝባል፦ መለያው ያለው ውስጡ ግን ባዶ የሆነ የፔም ፋይል ሲመጣ ፈንክሽኑ የለቀቀውን ሜሞሪ ፖይንተር ለጠሪው ይመልስ ነበር፤ ጠሪው እንደ ልማዱ ደግሞ ሲለቀው ፕሮግራሙ ይወድቃል። ባዶ ፋይል! ማንም የቁልፍ ፋይል ባዶ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

በእኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የግልና ይፋዊ ቁልፍን ሕጋዊ ጉዳይ አድርጎታል። በሰርተፍኬት ላይ በተመሠረተ ፊርማ የሚሠራ ፕሮግራመር ከላይ የተባሉት ሽፋኖች ሁሉ ይጠብቁታል፤ የይፋዊ ቁልፍ ሰርተፍኬት የሚጻፈው በዚሁ በዴር ነውና።

አሁን ደግሞ አዲስ ዓይነት ቁልፍ እየመጣ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ነሐሴ 2024 ላይ ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት ደረጃዎች አወጣ፤ በሚያዝያ 2025 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3.5 ሦስቱንም ይዟል። ሽፋኑ አልተለወጠም፤ ፔም ነው፣ ዴር ነው፣ ፒኬሲኤስ 8 ነው። ክርክሩ የተነሳው በውስጠኛው ጥቅል ላይ ነው። ኤምኤል-ዲኤስኤ ለተባለው ፊርማ የግሉ ቁልፍ ከ32 ባይት ዘር ሊወጣ ይችላል፤ ተዘርግቶ ሲጻፍ ግን በመካከለኛው መጠን 4,032 ባይት ነው። የትኛው ይጻፍ? ዘሩ ትንሽ ነው፣ ተዘርግቶ የተጻፈው ግን እንደገና ማስላት አይፈልግም፤ ከተዘረጋው ወደ ዘሩ መመለስም አይቻልም። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎቹ አልተስማሙምና ሦስት አማራጭ ፈቀዱ፦ ዘር ብቻ፣ የተዘረጋ ብቻ፣ ወይም ሁለቱም። ኦፕንኤስኤስኤል የትኛውን እንደሚቀበልና የትኛውን እንደሚጽፍ በማዋቀሪያው ማዘዝ ይቻላል። ሁለቱም ሲኖሩ አንባቢው ከዘሩ ቁልፉን እንደገና አውጥቶ ከተጻፈው ጋር እንዲያስተያይ ይመከራል፤ ካልተገጣጠሙ ፋይሉን እንዲጥለው።